ስኳሩ ከየት መጣ? የዩራኒየም ናይትሬትና የኩላሊት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መርዛማ ብረቶችና ናይትሬት በእንስሳት ኩላሊት ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት ነው። ጉዳዩ ሰፊ በመሆኑ ካድሚየምን፣ እርሳስንና ሜርኩሪን ለሌላ ጊዜ ትቼ በአንድ ውሕድ ታሪክ ላይ አተኩራለሁ፤ እርሱም ዩራኒየም ናይትሬት ነው። ዩራኒየም ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ቦምብንና ጨረርን ነው። ቦምቡ ከመፈንዳቱ ብዙ አስቀድሞ ግን ሐኪሞችና የፊዚዮሎጂ ሊቃውንት ይህን ብረት የሚያውቁት በሌላ ጠባዩ ነበር። ኩላሊትን የሚያጠቃ ኬሚካላዊ መርዝ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ምልክት፣ ማለትም በሽንት ውስጥ የተገኘ ስኳር፣ ለዐሥርት ዓመታት በስሕተት ተተርጉሟል። የተሳሳተው ትርጓሜም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እስከ ታካሚው አልጋ ድረስ ደርሷል። ስሕተቱ የመጣው የዘመኑ ሊቃውንት ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም። ምልክቱን ለክተው ምንጩን ሳይጠይቁ ስላለፉ ነው። ይህ ልማድ ዛሬም እንዳልተወን በንግግሬ መጨረሻ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ቢጫው ጨው

ዩራኒየምና ናይትሬት የተገናኙት ብረቱ ለሳይንስ በታወቀበት ዕለት ነው ማለት ይቻላል። በ1789 ማርቲን ክላፕሮት የተባለው የበርሊን ኬሚስት ፒችብሌንድ የሚባለውን ጥቁር ማዕድን በናይትሪክ አሲድ አሟሟ፤ ከሟሟውም ቢጫ ዝቃጭ አገኘ። ለአዲሱ ንጥረ ነገርም ከስምንት ዓመት በፊት በተገኘችው በዩራኑስ ፕላኔት ስም ዩራኒየም ብሎ ሰየመው። እርሱ ያገኘው ንጹሕ ብረት አልነበረም፤ ብረቱ ተለይቶ የወጣው በ1841 በፈረንሳዊው ኤዠን ፔሊጎ እጅ ነው። ቢጫው ጨው ግን ከዚያ በፊትም በኬሚስቶች መደርደሪያ ላይ ቦታውን ይዟል። በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ፣ ለመመዘንም ሆነ በመርፌ ለመስጠት የሚመች ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በዚህ ውሕድ ውስጥ ኩላሊትን የሚጎዳው ብረቱ ነው። ናይትሬቱ ብረቱን በውኃ እንዲሟሟ አድርጎ የሚያጓጉዝ ጓደኛ እንጂ በእንዲህ ያለ ትንሽ መጠን ራሱ መርዝ አይደለም። ናይትሬት በራሱ ጥፋት ወደ ታሪኩ የሚገባው ኋላ ነው።

በ1824 በጀርመን አገር በቱቢንገን ክርስቲያን ግሜሊን የተባለ ሊቅ የተለያዩ ብረቶችን ጨው ለእንስሳት እየሰጠ ውጤታቸውን መዘገበ። የዩራኒየም ጨው በአፍ ሲሰጥ ደካማ መርዝ፣ በደም ሥር ሲሰጥ ግን ገዳይ መሆኑን አየ። የዚህን ልዩነት ምክንያት ዛሬ እናውቀዋለን። አንጀት ከሚዋጠው ዩራኒየም የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂቱን ነው፤ በሰው ላይ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ቢሆን ነው። ወደ ደም የገባው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ኩላሊት ያመራል።

የውሻው ሽንት

በ1850ዎቹ ሌኮንት የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ለውሾች በትንሽ በትንሹ ዩራኒየም ናይትሬት ሰጠ። በሽንታቸው ውስጥ ስኳር አገኘ። ይህ ግኝት ያረፈበትን ዘመን ልብ ማለት ይገባል። ክሎድ ቤርናር ጉበት ስኳር እንደሚሠራ ያስታወቀው በ1848 ነው፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ የጥንቸልን አንጎል ከግርጌው በመርፌ ወግቶ በሽንቷ ውስጥ ስኳር እንዲታይ አድርጓል። የስኳር በሽታ የት እንደሚጀምር ገና አልታወቀም፤ በአንጎል ነው፣ በጉበት ነው የሚል ክርክር ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ስኳር ያለበት ሽንት የተገኘበት እንስሳ ሁሉ የስኳር በሽታ የያዘው እንስሳ ተደርጎ ተቆጠረ። የሌኮንት ውሾችም በዚህ መዝገብ ገቡ።

ከዚያ የተከተለው ነገር ለዛሬ ሰው እንግዳ ይመስላል። በሽታን የሚያመጣ ነገር በጥቂቱ ሲሰጥ በሽታውን ይፈውሳል የሚለው የሆሚዮፓቲ እምነት በአውሮፓ ብዙ ተከታይ ነበረው። በዚህ እምነት መሠረት በውሻ ሽንት ላይ ስኳር ያመጣው ጨው የስኳር በሽተኛን ሊያድን ይገባዋል። ዩራኒየም ናይትሬት ለስኳር ሕመምተኞች መታዘዝ ጀመረ። ነገሩ በሆሚዮፓቲ ሰዎች ዘንድም አልቀረም። ሳሙኤል ዌስት የተባለው የለንደን ሐኪም በ1895 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ በዚሁ ጨው ስላከማቸው ልምድ ጽፏል። በፈረንሳይም ዩራኒየም የተጨመረበት ወይን ለስኳር ሕመምተኞች ይሸጥ ነበር።

ሐኪሞቹ መሻሻል አየን ማለታቸው ከምን የመጣ ነው? በእኔ ንባብ ሊሆን የሚችለው ይህ ነው። በዚያ ዘመን የሚለካው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሳይሆን በሽንት የሚወጣው ነበር። ኩላሊቱ ሲጎዳና የማጣራት ኃይሉ ሲቀንስ ከደም ወደ ሽንት የሚያልፈው ስኳርም ይቀንሳል። የታካሚው ደም በስኳር እንደ ተሞላ ሳለ ሽንቱ ግን የዳነ ሰው ሽንት ይመስላል። እኛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ኩላሊት ደግሞ በባሕርይው በሽታን የሚደብቅ አካል ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ኃይሉ እስኪጠፋ ድረስ ባለቤቱ ምንም ሳይሰማው ሊቀር ይችላል።

ሁለት ውሾች

ግራ መጋባቱን የፈቱት ሌሎች ውሾች ናቸው። በ1886 ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ፍሎሪዚን የተባለውን፣ ከፖም ዛፍ ሥር ቅርፊት የሚገኝ ንጥረ ነገር ለውሾች ሰጠ። በሽንታቸው ብዙ ስኳር ወጣ፤ በደማቸው ያለው ስኳር ግን አልጨመረም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ እርሱና ኦስካር ሚንኮቭስኪ የአንድን ውሻ ቆሽት ቆርጠው አወጡ። ይህኛው ውሻ በሽንቱም በደሙም ስኳር ተጥለቀለቀ፤ እውነተኛው የስኳር በሽታ ያዘው።

እነዚህን ሁለት ውሾች ጎን ለጎን አቁመን እንመልከታቸው። ሽንታቸውን ብቻ ለሚመረምር ሰው አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ስኳር የሚያፈስሰው በኩላሊቱ ቀዳዳ ነው፤ ሁለተኛው ስኳሩን መጠቀም ተስኖት ከሞላው ደሙ የተረፈው እየፈሰሰበት ነው። የሌኮንት ውሾች የትኛውን ይመስሉ ነበር? የመጀመሪያውን ነው። በዚያው ዐሥርት ዓመት መጨረሻ ላይ በየል ዩኒቨርሲቲ ራስል ቺተንደንና ባልደረቦቹ በዩራኒየም ጨው የተመረዙ ጥንቸሎችን መርምረው ጉዳቱ በኩላሊት ላይ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ሁሉ በጽሑፍ ታትሞ ሳለ የሳሙኤል ዌስት ጽሑፍ የወጣው በ1895 መሆኑን አስተውሉ። ማስረጃ መታተሙ ብቻ አንድን ልማድ አያስቆምም።

ማጣሪያውና ቱቦው

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ስኳሩ ወደ ሽንት የሚገባው እንዴት ነው የሚል ነበር። በ1924 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ዌርንና አልፍሬድ ኒውተን ሪቻርድስ ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት መርፌ የእንቁራሪትን ኩላሊት ወግተው፣ ግሎሜሩለስ ከሚባለው የደም ሥሮች ጥቅል የተጣራውን ፈሳሽ ጠብታ ቀዱ። በጠብታው ውስጥ ስኳር ነበረ፤ በዚያችው እንቁራሪት ፊኛ ውስጥ ባለው ሽንት ግን አልነበረም። እንግዲህ ጤናማ ኩላሊትም ስኳሩን ያጣራል፤ ነገር ግን በቱቦው መንገድ ላይ መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል ማለት ነው። የጤናማ ሰው ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽና 180 ግራም ያህል ስኳር አጣርቶ ስኳሩን በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን ይመልሳል። ይህን ሥራ የሚሠራው በቱቦው መጀመሪያ ላይ ያለው ክፍል ነው።

ዩራኒየም የሚያጠቃውም ይህንኑ ክፍል፣ ይልቁንም ቀጥ ብሎ ወደ ኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍል የሚወርደውን የመጨረሻ ሲሶውን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ ዩራኒየም ከባይካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ይጓዛል፤ በዚህ ጥምረት ሳለ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። በግሎሜሩለስ ተጣርቶ ወደ ቱቦው ሲገባ ግን ኩላሊቱ እንደ ወትሮው ባይካርቦኔቱን ወደ ደም ይመልሳል። ዩራኒየሙ ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ ከቱቦው ሕዋሳት ግድግዳ ጋርም ይጣበቃል። ሕዋሳቱ ሲሞቱ ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ፕሮቲን የሚመልስ ይጠፋል። የሌኮንት ስኳር የመጣው ከዚህ ነው።

በቻፕል ሂል የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዊልያም ማክናይደር ከ1910ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዩራኒየም ናይትሬት የተመረዙ ውሾችን አጥንቷል። ከሥራው ሦስት ነገሮችን ላንሣ። ያረጁ ውሾች ከወጣቶቹ ይልቅ ይጎዳሉ። አልካላይ የሆነ ጨው አስቀድሞ መስጠት ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ይህም ከላይ ስለ ባይካርቦኔት ካልኩት ጋር ይስማማል። ሦስተኛው የሚያስገርም ነው። ከመጀመሪያው መመረዝ የተረፈ ውሻ በቱቦው ላይ አዲስ ሕዋሳት ያበቅላል፤ አንዳንዶቹ ግን ጠፍጣፋና ለወትሮው ሥራ የማይመቹ ይሆናሉ። ሁለተኛ መጠን ሲሰጠው እነዚህ ጠፍጣፋ ሕዋሳት መርዙን ይቋቋማሉ። ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው፤ መቋቋም ሁልጊዜ ጤና አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ተግባርን በመተው የሚገኝ ደኅንነት ነው።

ሮቸስተር

ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ አቶሚክ ቦምብ ለመሥራት በምታደርገው ጥድፊያ ሠራተኞች የዩራኒየም ብናኝ ይተነፍሱ ስለ ነበር ምን ያህሉ እንደሚጎዳ ማወቅ አስፈለገ። ከ1943 ጀምሮ በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ እጅግ ሰፊ የሆነ የእንስሳት ጥናት ተካሄደ። አይጦች፣ ጥንቸሎች፣ ውሾችና ድመቶች ልዩ ልዩ የዩራኒየም ውሕዶችን እንዲበሉና እንዲተነፍሱ ተደረገ፤ አንዳንዱ ሙከራ እስከ ሁለት ዓመት ዘለቀ። ካርል ፌግትሊንና ሃሮልድ ሆጅ ያዘጋጇቸው ጥራዞች ከ1949 ጀምሮ ታትመዋል። የሚሟሟው ናይትሬት ከማይሟሟው ኦክሳይድ አብልጦ እንደሚጎዳ፣ ጥንቸል ከአይጥ ይልቅ በቀላሉ እንደምትመረዝ የምናውቀው ከእነርሱ ነው።

ከእነዚህ ጥራዞች ጎን መነበብ ያለበት ሌላ ሰነድ አለ። በ1946 እና በ1947 በዚያው በሮቸስተር ሆስፒታል ለስድስት ታካሚዎች በደም ሥራቸው ዩራኒየም ናይትሬት ተሰጣቸው። ዓላማው የመጀመሪያው የኩላሊት ጉዳት ምልክት በየትኛው መጠን ላይ እንደሚታይ ማወቅ ነበር፤ ስለዚህም ኩላሊታቸው ደኅና የሆነ ሰዎች ተመረጡ። በፕሬዚዳንት ክሊንተን የተሠየመው አጣሪ ኮሚቴ በ1995 ባወጣው ሪፖርት ታካሚዎቹ የሚደረግባቸውን ዐውቀው መፍቀዳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚያሻግረው ድልድይ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የእንስሳቱ ውጤት አያጠግብም የሚለው ሳይንሳዊ ጥርጣሬ እውነተኛ ነበር። ጥርጣሬው ግን የማንንም ሰው ኩላሊት ያለ ፈቃዱ ለመውሰድ መብት አይሰጥም።

ናይትሬት ለብቻው

እስካሁን ናይትሬትን እንደ አጓጓዥ ብቻ ነው ያየነው። እርሱም የራሱ ታሪክ አለው። በ1895 በካንሳስ ሜዮ የተባለ የእንስሳት ሐኪም የበቆሎ አገዳ በልተው በድንገት ስለ ሞቱ ከብቶች ጻፈ። በአገዳው ውስጥ የተከማቸው ፖታሲየም ናይትሬት ነበር። በሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሬትን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይቱ ወደ ደም ገብቶ ሄሞግሎቢንን ኦክሲጅን መሸከም ወደማይችል መልክ ይቀይረዋል። ደሙ እንደ ቸኮላት ይጠቁራል፤ እንስሳው አየር እየሳበ ይታፈናል። በሕይወት ከተረፈ ናይትሬቱ በአብዛኛው በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ። ቀደም ሲል ዩራኒየም ያጠቃዋል ያልኩት ቀጥ ያለው የቱቦ ክፍል የሚገኘው በኩላሊት ውስጥ ኦክሲጅን በሚያጥርበት ቀበሌ ነው። ብዙ ይሠራል፤ የሚደርሰው ኦክሲጅን ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የደም ኦክሲጅን ሲቀንስ አስቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። አንዱ መርዝ በመጣበቅ፣ ሌላው በማሳፈን ወደ አንድ ደካማ ስፍራ ይደርሳሉ።

የጉድጓዱ ውኃ

ከ1913 ጀምሮ በኦፓው ፋብሪካ ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት ከተቻለ ወዲህ የሰው ልጅ በየማሳው የሚበትነው የናይትሮጅን ማዳበሪያ በዝቷል። ሰብሉ ያልተጠቀመበት በዝናብና በመስኖ ታጥቦ ናይትሬት ሆኖ ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል። በብዙ ዓለቶች ውስጥ ደግሞ በተፈጥሮ የተቀመጠ፣ በውኃ የማይሟሟ ዩራኒየም አለ። ናይትሬቱ ሲደርስ በባክቴሪያዎች እገዛ ዩራኒየሙ ወደሚሟሟ መልክ ሊለወጥ ይችላል። ከዚያ በውኃው ያለው ባይካርቦኔት ተሸክሞት ይሄዳል። በውሻ ደም ውስጥ ዩራኒየምን ያጓጉዝ የነበረው ያው ባይካርቦኔት መሆኑን ልብ በሉ።

ጄሰን ኖላንና ካሪ ዌበር የተባሉ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት በሁለት ታላላቅ የአሜሪካ የከርሰ ምድር ውኃ ክምችቶች ከ200,000 በላይ የናሙና ውጤቶችን መርምረው፣ ናይትሬት በበዛበት ዩራኒየምም እንደሚበዛ አሳይተዋል። አብሮ መገኘት ብቻውን ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም፤ የኬሚስትሪው አካሄድ ግን ይደግፈዋል። ክላፕሮት በብርጭቆው ውስጥ ያገናኛቸው ሁለቱ ነገሮች በገበሬው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ገና ተገናኝተዋል።

የሕግ ገደቦቻችን ግን ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያውቋቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለናይትሬት ያስቀመጠው መጠን በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን ዋና ዓላማው ሕፃናትን ከደም መታፈን መጠበቅ ነው። ለዩራኒየም በ1998 በሊትር 2 ማይክሮግራም ብሎ ጀመረ፤ በ2004 ወደ 15፣ በ2011 ወደ 30 ከፍ አደረገው። የመጀመሪያው ቁጥር የተወሰደው ለ91 ቀናት ዩራኒየም ናይትሬት በውኃቸው ከተሰጣቸው አይጦች ነው፤ የኋለኛው ያንን ውኃ በሚጠጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ተመልክቶ የተሻሻለ ነው። ዛሬም «ጊዜያዊ» የሚል ቅጽል አለው። እነዚህ ቁጥሮች ጥሩ ቁጥሮች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱን አብሮ የሚጠጣ እንስሳ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጡም።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በ2003 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከመቶ በላይ የውኃ ናሙናዎችን መርምሮ፣ ሁላችንም ከምናውቀው ፍሎራይድ በተጨማሪ ዩራኒየምም በወቅቱ ከነበረው የ2 ማይክሮግራም ምክረ ሐሳብ በልጦ የተገኘባቸው ምንጮችና ጉድጓዶች መኖራቸውን አመልክቷል። በዚያ ያለው ዩራኒየም ከእሳተ ገሞራ ዓለትና በባይካርቦኔት ከበለጸገ ውኃ የመጣ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ በማዳበሪያ አላመካኝበትም። ሆኖም ማዳበሪያ በየዓመቱ በሚበተንበት አገር ጉድጓድ ሲቆፈር ናይትሬትንና ዩራኒየምን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ባልዲ መለካት ከባድ ሥራ አይደለም። ከዚያው ጉድጓድ የሚጠጣው ከብት በቀን ከባለቤቱ ብዙ እጥፍ ውኃ ይጠጣል። ሲታረድም ኩላሊቱ በእጃችን ነው። የእንስሳት ሐኪምና የውኃ ኬሚስት አንድ መዝገብ ቢጽፉ ይህ ኩላሊት ከሰው ሕመም ቀድሞ የሚናገር ምስክር ይሆናል።

ለተማሪዎቻችን የማስተላልፈው አጭር ነው። የሌኮንትን ውሾች ሽንት የለካው መሣሪያ ትክክል ነበር፤ ስኳሩ በእርግጥ ነበረ። የጎደለው «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ያ ጥያቄ እስኪጠየቅ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ፤ መልሱ ከተገኘ በኋላም መርዙ ለሕመምተኞች መታዘዙን አላቆመም። እናንተም ነገ ከቤተ ሙከራ የሚመጣላችሁን ቁጥር ስትቀበሉ፣ በገደቡ ውስጥ ነው ወይስ ከገደቡ በላይ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ምን ይዞት መጣ፣ ከማን ጋር መጣ፣ በየትኛው አካል በኩል አለፈ ብላችሁ ጠይቁ።